ዴንቨር ፖርተርን መስጠት ነበረበት? (ክርክር)

የመከራከሪያው ነጥብ፦ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ክለብ የሆነው ዴንቨር ናጌትስ በ2025 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምዕራብ ኮንፈረንስ ግማሽ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ በኦክላሆማ ሲቲ ተንደር 125 ለ 93 ተሸንፎ ወጣ። በክረምቱ ማይክል ፖርተር ጁኒየርን ከ2032 የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ መብት) ጋር ለብሩክሊን ክለብ ሰጥቶ ካም ጆንሰንን ወሰደ። የ2023ቱን ባለ ዋንጫ ቡድን ማፍረስ ነው ወይስ ማደስ?

ነባር ደጋፊ፦ ማፍረስ ነው። የዋንጫው ቡድን ቋሚዎች መሬይ፣ ካልድዌል-ፖፕ፣ ፖርተር፣ ጎርደንና ኮከባችን ዮኪች ሳይተያዩ ኳስ የሚቀባበሉት በአንድ ክረምት ተለማምደው አልነበረም። መሬይ በ2021 የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ሙሉ የውድድር ዘመን ሲያልፈው፣ ፖርተርም በጀርባ ቀዶ ሕክምና ሲቀመጥ ክለቡ ሁለቱንም ጠበቀ። ዋንጫውን ያመጣው ያ ትዕግሥት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በየክረምቱ አንድ ሰው እንሸኛለን፤ በ2023 ብሩስ ብራውንን፣ በ2024 ካልድዌል-ፖፕን፣ አሁን ደግሞ ፖርተርን። ሳን አንቶኒዮ በ2013 ፍጻሜውን በሰባተኛው ጨዋታ በማያሚ ተነጠቀ። ዳንከንን፣ ፓርከርንና ዢኖቢሊን ይዞ ተመለሰና በ2014 ያንኑ ማያሚን 4 ለ 1 አሸነፈ።

ሒሳብ ያዥ፦ ወንድሜ፣ ሽኝቶቹን ሁሉ በአንድ ሚዛን አትመዝናቸው። ለብራውን እንድንከፍል የሊጉ ደንብ የፈቀደው በዓመት ከ8 ሚሊዮን ዶላር በታች ብቻ ነበር፤ ኢንዲያና ለሁለት ዓመት 45 ሚሊዮን ከፈለው። ካልድዌል-ፖፕን ኦርላንዶ በ66 ሚሊዮን ለሦስት ዓመት ወሰደው። በ2023 የጸደቀው የሊጉ ስምምነት ሁለተኛውን (ከፍተኛውን) የደመወዝ ጣሪያ የሚያልፍ ክለብ የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ እንዳይለዋወጥ ይከለክላል፤ የሩቅ ዓመት የድራፍት ምርጫውንም ያግድበታል። የፖርተር የ2025-26 ደመወዝ 38 ሚሊዮን ገደማ፣ የጆንሰን 21 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ብራውንን መልሶ ለማምጣትና ሃርዳዌይንና ቫላንቹናስን ለመጨመር መንገድ የከፈተው ይህ ልዩነት ነው። ፖርተርን አቆይቶ ወንበሩን (የተቀያሪዎቹን ቦታ) መሙላት አይቻልም ነበር።

የለውጡ ደጋፊ፦ የዋንጫው ቡድን ራሱስ በለውጥ አይደለም የተገነባው? በ2022 ሞንቴ ሞሪስንና ከ2015 ጀምሮ የነበረውን ዊል ባርተንን ለዋሽንግተን ሰጥተን ነው ካልድዌል-ፖፕን ያገኘነው።

ነባር ደጋፊ፦ ትክክል፣ ግን ያን ጊዜ ዮኪች፣ መሬይ፣ ጎርደንና ፖርተር አልተነኩም። አሁን ከአራቱ አንዱ ሄደ። የሒሳቡን ነገር አልክድም፤ የምለው ሜዳ ላይ ያለው መግባባት በዚያ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አላገኘም ነው።

ከኦሮራ (የዴንቨር ጎረቤት ከተማ) የመጣች ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ያሸነፈንን ቡድን ይመልከቱት እስቲ። ተንደር በ2023-24 57 ጨዋታ አሸንፎ እንኳን አርፎ አልተቀመጠም። ቋሚውን ጆሽ ጊዲን ሰጥቶ አሌክስ ካሩሶን አመጣ፤ ሃርተንስታይንንም አስፈረመ። በማግሥቱ ዓመት 68 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሻይ ጊልጀስ-አሌክሳንደርን፣ ሆልምግረንንና ጄለን ዊሊያምስን ግን አልነካም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰባተኛው ጨዋታ ነው። ጎርደን የተጎዳ የጭኑን ጡንቻ ይዞ ገባ፤ የፖርተር ትከሻ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አልዳነም ነበር። ሁለቱን የሚያሳርፍ ሰው ወንበሩ ላይ አልነበረም። መግባባት ያላቸው አምስት ሰዎች ደክመው ቆመው ሳይ አዘንኩ፤ ዮኪችን ያለ አጋዥ ማስረጀት በደል ነው።

ነባር ደጋፊ፦ በወንበሩ ጉዳይ አንድ ነን፣ እህቴ። የ2032ቱን ምርጫ መጨመራቸው ግን እስከ አሁን ያቃጥለኛል፤ ያኔ ዮኪች 37 ዓመቱ ነው፣ ቡድኑን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገን ያ ምርጫ ነበር።

ሒሳብ ያዥ፦ ያለ ምርጫው ብሩክሊን 38 ሚሊዮኑን አይሸከምም ነበር።

ነባር ደጋፊ፦ እንግዲያው ይህን ያህል ከተከፈለበት ጆንሰን ከዮኪች ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይሰጠው። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ እሱን ለመለወጥ ሲነሱ ማየት አልፈልግም።