የሲኤስኤስ ፕሮፋይል ክፍያንና የገቢ ማስረጃን በተመለከተ የእርዳታ ጥያቄ

በሐዋሳ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቴ በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች ማመልከት በሚያስችለው ኮመን አፕ በተባለው ድረ ገጽ በኩል ለአሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት ብትዘጋጅም፣ የገንዘብ ድጋፍ በሚጠየቅበት የሲኤስኤስ ፕሮፋይል ቅጽ ላይ ደርሰን ቆመናል። ፋፍሳ የተባለው ሌላው የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎቹና ሕጉ ለሚፈቅድላቸው ነዋሪዎች ያዘጋጀው በመሆኑ እኛን አይመለከትም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ግን ክፍያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በብር ብቻ የሚሠራው የባንክ ካርዳችን ለዚህ አይሆንም (ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ማለቴ ነው)።

ከክፍያው ይልቅ የሚያሳስበኝ የገቢ ማስረጃው ነው። አባታችን የሚተዳደረው ከአነስተኛ የቡና ማሳ በሚገኝ፣ ከዓመት ዓመት በሚለዋወጥ ገቢ ስለሆነ የደመወዝ ማስረጃ የለውም። ከቀበሌ የሚጻፍ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ቢቀርብ ተቀባይነት ይኖረዋል? ኮሌጆቹንስ ከክፍያው ነጻ የሚያደርግ ኮድ ወይም ሌላ የማይከፈልበት ቅጽ እንዲሰጡን ብንጠይቅ ማመልከቻዋን ይጎዳባት ይሆን? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወገኖች እንድታስረዱን በአክብሮት እንጠይቃለን።