የትምህርት ቁጥጥር አደረጃጀት ይሻሻል፦ ለክልሉ ምክር ቤት የሚቀርብ የማኅበራችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ትምህርት ቤቶችን መዝኖ ደረጃ የሚሰጠው ሥራ፣ ከትምህርት ቢሮ ወጥቶ ተጠሪነቱ ለክልሉ ምክር ቤት ይሁን ነው የምንለው። አሁን በ26ቱ ስታንዳርድ የሚመዝነን ክፍል ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚያው ለቢሮው ነው። ሱፐርቫይዘሮችም ከወረዳ ወጥተው በዞን መምሪያ ሥር ይሁኑ። በጀቱ ገጽ 3 ላይ አለ። እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡ።

መምህር፣ ደጋ ጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ)፦ እደግፋለሁ። ከ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2። በኢንስፔክሽን ደረጃ 3 ደርሰናል፣ መስፈርቱን አሟልተናል ብለን ስናጨበጭብ የከረምነው በምን ሂሳብ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 3 ላይ «ለሱፐርቫይዘሮች ሞተር ሳይክል» ይላል። ሞተሩ የት ነው የሚያድረው?

ሱፐርቫይዘር፣ ቆላ ጉድኝት፦ ቤቴ ነዋ! የት ሊያድር ኖሯል?

ገንዘብ ያዥ፦ የመንግሥት ንብረት ግለሰብ ቤት አያድርም። ያለፈውን ጉድ ሁላችንም እናውቃለን።

ሱፐርቫይዘር፦ የማንን ጉድ? ስም ጥራ! እኔ ትምህርት ቤቶቼን የምዞረው በእግሬ ነው። ክረምት ሲገባ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ የክፍል ምልከታ ቅጹን በፌስታል አስሬ ነው ወንዝ የምሻገረው። አንተ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ደረሰኝ ቁጠር።

መምህርት፣ ከተማ፦ ያለፈው ሞተር እኮ ሙሽራ ሲያጅብ ታይቷል። ገበያ ቀን ደግሞ ጤፍ ጭኖ።

ርዕሰ መምህር፦ ኧረ ስለ ኢንስፔክሽኑ እናውራ! እኔን የሚሾመኝ ወረዳ፣ የሚያነሳኝ ወረዳ። ሱፐርቫይዘሩም ደመወዙ ከዚያው ነው። ወረዳውን የሚያስከፋ ሪፖርት ማን ይጽፋል?

ጡረተኛ አባል፦ ልጆች፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ ዞን ለሕዝቡ ሩቅ ነው ተብሎ ነበር። አሁን መልሳችሁ ልትሰቅሉት?

መምህር፣ ደጋ ጉድኝት፦ ጋሼ፣ የወረደው ሥራው ነው። ብሩማ ደመወዝ ከተከፈለበት በኋላ ለጠመኔም አይተርፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይቀመጥ። ኪሎ ሜትሩ ጠዋትና ማታ ይመዝገብ።

ርዕሰ መምህር፦ እኔ የሞተር ዘበኛ ልሁን?

ጸሐፊ፦ የምክር ቤቱን ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን ያላችሁት ሁለታችሁ የት ገባችሁ? ስልክም አታነሱ።

ሱፐርቫይዘር፦ ገንዘብ ያዥ፣ ትናንት ተናድጄ ነው፣ አትቀየመኝ። ቤቴ አይደር፣ ተስማምቻለሁ። ነዳጁ ግን በኩፖን ይሁን፣ በየወሩ ፊርማ ፍለጋ አታንከራትቱኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ኩፖን ይሻላል። ማደሪያውም በየጉድኝት ማዕከሉ ግቢ ይሠራ።

ጸሐፊ፦ ገጽ 1 ላይ የሞተር አጠቃቀም ደንብ ገብቷል። የዞኑን ጉዳይ ጋሼ ስላልተስማሙ አውጥቼዋለሁ። ኢንስፔክሽኑ «በቀጣይ የሚታይ» ተብሎ አባሪ ሆኗል።

መምህር፣ ደጋ ጉድኝት፦ እና የክልሉ ምክር ቤት ስለ ሞተር ማደሪያ ሊወያይ ነው?

ጸሐፊ፦ ለምክር ቤት አይሆንም። ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት እናስገባው።

ገንዘብ ያዥ፦ የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቄ ቅዳሜ አመጣለሁ።