የተከተበ 1,500 ብር ይውሰድ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ባለፈው ሳምንት ጠሩኝና «የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱንም ዙር ለጨረሰ ሠራተኛ 1,500 ብር ልሰጥ አስቤያለሁ፤ እስኪ አስላልኝ» አሉኝ። 22 ሠራተኞች ነን። 33,000 ብር መጣ። ለክሊኒኩ ከባድ ገንዘብ አይደለም። እኔ በሐሳቡ ደስ ብሎኛል። ሥራ ቦታ ግን ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ «እሰየው» አለ። ግማሹ «ሰውነታችን በብር አይገዛም» አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? አሠሪ ሠራተኛውን በገንዘብ አባብሎ ማስከተብ አለበት?

ነርሷ፦
እኔ «ይሰጥ» ከሚሉት ነኝ። እንዲያውም ዘግይቷል። እኛ አገር የጉበት ነገር ሁሉ «የወፍ በሽታ» እየተባለ ይታለፋል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ባህል ሐኪም ዘንድ ነው። ጉበትን የሚያጠቃው ይህ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን በደምና በሰውነት ፈሳሽ ነው የሚተላለፈው። ለኛ ሙያ ደግሞ ቅርብ ነው። ታካሚው ኤችአይቪ ካለበትና መርፌው ከወጋን፣ የመያዝ ዕድላችን ከ1,000 ሦስት ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ካለበትና እኛ ካልተከተብን ግን ከ100 ውስጥ እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። መርፌ ሲወጋን ሁላችንም የምንደነግጠው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን የሚያስታውስ የለም።

ልጆቻችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ፔንታቫለንት በሚባለው ክትባት ውስጥ ያገኙታል። ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን በልጅነታችን አላገኘነውም። ሦስት ዙር ነው፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። ሰው የሚጠፋው ሦስተኛው ላይ ነው። ብሩ እሱን ካመጣልኝ ምን አለበት?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ በክትባቱ ላይ ተቃውሞ የለኝም። ሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተባት ከተማ ውስጥ ተቀምጬ በክትባት አልጣላም። የምጣላው ከብሩ ጋር ነው። ሰው የሚያስበውን ታውቁታላችሁ። «ነገሩ ደግ ከሆነ ለምን ይከፈለኛል?» ነው የሚለው። የኮሮና ጊዜ አይተናል። ክትባቱ በአገራችን የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው በተገኘ ልክ በዓመቱ። በነፃ እየተሰጠ እንኳ ስንት ወሬ ተወራበት? በላዩ ላይ ብር ቢጨመርበት ጥርጣሬው እጥፍ ይሆን ነበር።

ሽልማት በጤና ሥራ ውስጥ አዲስ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመጨረሻው የተፈጥሮ ፈንጣጣ በ1977 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ ታማሚ ለጠቆመ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ያ ግን ለመረጃ ነው። ክንዱን ለሰጠ ሰው አልነበረም።

አስጎብኚው፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። እኔ የኮሮናን ክትባት የወሰድኩት በብር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥምቀት በፊት ነበር። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው ተባለ። ያኔ የምሠራበት ሆቴል የክትባት ካርድ ይዞ ለመጣ ጉርሻ እሰጣለሁ አለ። ባይሉኝ አልሄድም ነበር። ክትባቱን ጠልቼ አይደለም። ነገ ነገ እያልኩ ነበር። ብሩ «ዛሬ» አስባለኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከሳምንት በኋላ ያው አለቃ «ካርድ የሌለው የጥምቀትን ፈረቃ አይገባም» አለ። ጥምቀት ለኛ ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል። የወራት ገቢ የሚገኝበት ሳምንት ነው። በጉርሻ ተጀምሮ በማስፈራራት አለቀ። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሐኪሟን ሳታማክር መወጋት ፈራች። ፈረቃውን አጣች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ቀን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩላትም።

ሕግ አዋቂው፦
ወንድሜ የነካው ነጥብ ዋናው ነው። በሽልማትና በቅጣት መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው። አሜሪካኖቹ በኮሮና ጊዜ ሁለቱንም ሞክረዋል። ክሮገር የሚባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት ለተከተበ ሠራተኛ 100 ዶላር ሰጠ። ዴልታ አየር መንገድ ደግሞ ባልተከተበው ላይ በወር 200 ዶላር የጤና መድን ክፍያ ጨመረ። የእነሱ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን በግንቦት 2013 ዓ.ም. መመሪያ አወጣ። ሠራተኛው ሌላ ቦታ ተከትቦ ማስረጃ ብቻ ካመጣ ሽልማት ይፈቀዳል። ክትባቱን የሚሰጠው አሠሪው ራሱ ከሆነ ግን፣ ሽልማቱ ሰውን እስከሚያስገድድ ድረስ መብዛት የለበትም አለ። ምክንያቱም ከመርፌው በፊት የጤና ጥያቄ ይጠየቃል። ያንን ምስጢር ለአለቃህ በብር እንድትሸጥ መገደድ የለብህም።

አሁን የእናንተን ጉዳይ ተመልከቱት። ክትባቱን የሚሰጠው ክሊኒኩ ነው። ብሩን የሚሰጠውም እሱ። ደመወዝ የሚከፍለውም እሱ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ባለቤቱን ለማሳመን ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ሕንድ አገር፣ ኡዳይፑር አካባቢ ባሉ የገጠር መንደሮች የተሠራ ጥናት ነው። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከሌሎች ጋር ሆነው በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት። ምንም ባልተደረገባቸው መንደሮች ክትባቱን የጨረሱት ሕፃናት ከ100 ስድስት ነበሩ። ነርስ በየወሩ ሳታጓድል በምትመጣባቸው 18 ሆኑ። ነርሷ እየመጣች ለእናትየዋ አንድ ኪሎ ምስር በሰጡበት፣ ሲጨርሱም ሳህን በጨመሩበት፣ 39 ደረሱ። ወጪውም ለአንድ ልጅ ሲሰላ በግማሽ ቀነሰ፤ ነርሷ በዋለችበት ቀን ብዙ ልጅ ስለሚመጣላት። አንድ ኪሎ ምስር ነው እኮ! ስዊድን ውስጥም 200 ክሮነር ለኮሮና ክትባት ሲሰጥ የተከተበው ሰው ከ100 በአራት ገደማ ጨምሯል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ጥሩ አንብበሃል። ግን እናትየዋን ምስር የሰጣት አሠሪዋ አይደለም። ምስሩን ትታ ቤቷ ብትሄድ ማንም በክፉ ዓይን አያያትም። ያንተ ሠራተኛ ግን በማግስቱ ከባለቤቱ ጋር ይተያያል። ደግሞ ልብ በል፤ ስድስቱን 18 ያደረገው ምስሩ አይደለም። ነርሷ በቀጠሮዋ መገኘቷ ነው። እስኪ መጀመሪያ ያንን አድርጉ።

የቀን ሠራተኛው፦
እኔ ከአዘዞ ነኝ። ሕንፃ ሥራ ሲጠፋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እወርዳለሁ። ለእናንተ ጉርሻ ይባላል። ለኛ አንድ ቀን መዋል ማለት ነው። ክትባት ተወግቼ ቢያተኩሰኝ የዚያን ቀን አልበላም። ስለዚህ 1,500 ብሩን ትቶ የቀን ውሎዬን ቢችልልኝ እወጋለሁ። ወባና ካላዛር ያለበት ቦታ ስንወርድ ደግሞ አጎበር እንኳ የሚሰጠን የለም። ለካላዛር ክትባት የለውም ይሉናል። ክትባት ለሌለው በሽታስ አሠሪው የት ነው ያለው?

ነርሷ፦
እውነትህን ነው ወንድሜ። አጎበሩ ከሁሉም ይቀድማል።

የጽዳት ሠራተኛዋ፦
እኔ መጻፍ አይቀናኝም። የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። እዚሁ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ነው የምሠራው። ድሮ ሌላ ቦታ ስሠራ መርፌ ወግቶኛል። ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን፣ ሞልቶ ነበር። የተጠቀሙበትን መርፌ ከጎኑ ባለው ፌስታል ጥለውት ሳነሳው እጄ ውስጥ ገባ። በውኃ ታጠብኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ማን ልበል? ማንም አልጠየቀኝም።

1,500 ብር ለኔ ብዙ ነው። የልጄ ጫማና ደብተር ነው። ስለዚህ እወጋለሁ፤ አልዋሽም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሲስተር መጀመሪያ ደም ይታያል ብላናለች። «አለብሽ» ከተባልኩ ክትባቱ አይሰጠኝም። ክትባቱ ካልተሰጠኝ ብሩም የለም። ሃያ አንድ ሰው ፈርሞ ሲቀበል እኔ ባዶ እጄን እቆማለሁ። «ምን ሆና ነው?» አይባልም? ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር ቡና የሚጠጣ ይኖራል?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እትዬ፣ ይህን አላሰብኩትም። ፔይሮሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ የምሠራው እኔ ነኝ። ከስሙ አጠገብ ባዶ የሚቀርበትን ሰው መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ከኔ በኋላ ደግሞ ገንዘብ ያዧ፣ ከእሷ በኋላ ባለቤቱ። ሦስት ቀን ሙሉ ቁጥሩን ሳሰላ አንድም ጊዜ አልመጣልኝም።

ነርሷ፦
እትዬ፣ እኔም አፍሬያለሁ። የማውቀውን ልንገርዎት። አዋቂ ሆኖ ቫይረሱ ከያዘው ሰው ከ100 ውስጥ 95 ያህሉን ሰውነቱ ራሱ ያጠፋለታል። እነሱም ክትባት አያስፈልጋቸውም። የማይለቃቸው ደግሞ ክትትል ይፈልጋሉ፤ መድኃኒትም አለ። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ቡናውን ከእኔ ጋር ይጠጣሉ።

ሕግ አዋቂው፦
እትዬ ያሉት ነገር ክርክሩን ቀይሮታል። አንድ ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ለሄፓታይተስ ቢ ደንብ አላት። ሥራው ከደም ጋር የሚያገናኘው ሰው ሁሉ፣ ሥራ ላይ በተመደበ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክትባቱ በነፃ ይቀርብለታል። ጽዳትም ይሁን ነርስ። የማይፈልግ «አልፈልግም» ብሎ ይፈርማል። በኋላ ሐሳቡን ከቀየረ ያው በነፃ ይሰጠዋል። ጉርሻ የለም፤ ግዴታም የለም። ግዴታው ያለው አሠሪው ላይ ነው። የኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 92 ላይ የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና የመጠበቅ ኃላፊነት የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «ብር ልስጣችሁ» ከማለታቸው በፊት ሊጠየቁ ይገባል። ክትባቱንስ በነፃ እየሰጡ ነው? በሥራ ሰዓት ነው?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ነፃ አይደለም። ክትባቱን ሠራተኛው ራሱ ነበር የሚገዛው። 1,500ው ያንን ይመልስለታል ነው ሐሳቡ።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲያ ስሙን «ማበረታቻ» ማለት አይገባም። የራሳቸውን ዕዳ ነው የከፈሉት።

አስጎብኚው፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን ነፃ ከሆነም በኋላ ሰው ይዘገያል። እኔን ራሴን አውቀዋለሁ። በስድስተኛው ወር ማን ያስታውሰዋል? የሆነ ነገር ያስፈልጋል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እንግዲህ ሰኞ ይህን ይዤ እገባለሁ። ክትባቱን ክሊኒኩ ይግዛ። ምርመራውም መርፌውም በሥራ ሰዓት ይሁን። ደሙን የሚያየው የእኛ ላብራቶሪ አይሁን፤ ሌላ ጤና ተቋም ይሁን። ውጤቱ ለሠራተኛው ብቻ ይነገር። ብሩ ደግሞ ለተከተበ ሳይሆን፣ ሄዶ ለተመረመረና ምክር ለወሰደ ሁሉ ይሰጥ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን። ያኔ ፔይሮሉ ላይ ባዶ ቦታ አይኖርም።

አስጎብኚው፦
ከዚያስ ተመርምሮ፣ ብሩን ወስዶ፣ ሦስተኛውን መርፌ ሳይወጋ የሚቀረውስ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ይቅር። ስልኩ ላይ እደውልለታለሁ። ሲስተርም ታስታውሰዋለች። ጥቂት ሰው ቢያመልጠን ይሻለኛል፤ አንድ ሰው በኔ ፔይሮል ከሚጋለጥ።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ አሁንም ብሩ ባይኖር እመርጣለሁ። ግን ይህን ከያዝክ አልከለክልህም።

የጽዳት ሠራተኛዋ፦
እንዲህ ካደረጋችሁት መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነኝ። አሁን ግን የምርመራ ክፍሉ ሴፍቲ ቦክስ ሞልቷል። ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። እሱን ከሰኞ በፊት ቀይሩልኝ።