ለፈረንጆች ገና ጣልያን ከነልጆቹ፣ ከየት ልጀምር?

ሰላም ቤተሰብ፣ ሱሉልታ ነው የምንኖረው። ሮም ያለችው እህቴ ዘንድሮ ለፈረንጆች ገና ካልመጣችሁ ብላ ይዛናለች፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቻችን፣ ደሞ እማዬ። እማዬ የነቢያትን ፆም ስለምትፆም እዛ ምን ትበላለች የሚለው ከቪዛው በላይ አስጨንቆኛል፣ ለኛ ገና ደግሞ ቤቴ መገኘት አለብኝ ብላለች።

የለገጣፎ ሰው፦
እህቴ ቪዛውን አስቀድሚ። ሸንገን፣ ማለትም ጣልያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው ቪዛ፣ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ መጨረሻው 15 ቀን ሲቀረው ነው ግን እዛ ድረስ እንዳትጠብቂ፣ እኛ ዘግይተን ቀጠሮ አጥተን ልጆቹ ሻንጣ ካዘጋጁ በኋላ ቀረን፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ለ9 ዓመቱ 45፣ ለትንሹ ነፃ። የጉዞ ጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

እናትዬ፦
እማዬ አይራቡም የኔ ቆንጆ! ፒዛ ማሪናራ እዘዢላቸው፣ ቲማቲም ነጭ ሽንኩርት ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ ቺዝ የለውም። ፓስታም ደረቁን በቲማቲም፣ ትኩሱ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት።

ሰበታ፦
ታህሳስ 16፣ የፈረንጆች ገና ዕለት፣ ጥንታዊው ስታዲየም ኮሎሲየምም የቫቲካን ሙዚየምም ዝግ ናቸው፣ ቫቲካን በማግስቱም አይከፍትም፣ ስለዚህ እነዛን ቀናት ከእህትሽ ጋር ቤት አሳልፉ። ኮሎሲየም ለልጆች ነፃ ነው። ከአዲስ ሮም ቀጥታ በረራ ስላለ ታህሳስ 27 ብትመለሱ እማዬ ለ29 ዶሮውን ይደርሱበታል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ማሪናራውን ለእማዬ ስነግራት ፊቷ በራ። ነገ ፓስፖርቶቹን አያለሁ።