የወንድሜ ፓስፖርት ላይ አንድ ዓመት ተጨመረበት፤ ለወጣቶች የቦክስ ውድድር ይደርስልኝ ይሆን?

የማርቆሷ ልብስ ሰፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ስለ ቦክስ የማውቀው ታናሽ ወንድሜን እያየሁ የተማርኩትን ብቻ ነው። ግን ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ።

ወንድሜ ቦክስ የጀመረው ሰባተኛ ክፍል እያለ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ በሉማሜ መንገድ ይሮጣል። ከትምህርት መልስ ደግሞ ጓንቱን ያጠልቃል። የመጀመሪያ ጓንቱ ሲቀደድ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ በሱቄ መኪና። ቆዳው አልበሳ ብሎ ሦስት መርፌ ተሰብሮብኛል። የሚጋጠመው በ60 ኪሎ ነው። አሁን አዲስ አበባ ለምርጫ ተጠርቷል። ካለፈ ከፋሲካ በፊት ውጭ አገር ለሚደረግ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር ይሄዳል።

ልጁ የተወለደው ታኅሣሥ 24 ቀን 2000 ዓ.ም ነው። እናታችን ይህን አትስትም። የአቡነ ተክለሃይማኖት ልደት ዕለት ነበር፣ ለገና አራት ቀን ሲቀረው፣ ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት። ፓስፖርቱ ግን «ጃንዋሪ 3፣ 2007» ይላል። ቅጹን የሞላልን ሰው ቀኑንና ወሩን በትክክል ቀይሮ ዓመቱ ላይ 7 ደመረበት። እኛም አላየንም። ፓስፖርቱ የመጣ ቀን እልል ከማለት በቀር ምን አነበብን! አሰልጣኙ ነው አገላብጦ «በዚህ ወረቀት እኮ ይኼ ልጅ ወጣት አይባልም» ያለን።

ይታረማል ወይ? ምን ይዤ ልሂድ? ወይስ ዝም ብሎ ከትልልቆቹ ጋር ይሰለፍ? ደግሞ ሌላም ጭንቀት አለብኝ። ልጁ ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። ሚዛኑ ላይ 61 ተኩል ነው።

ጣና ዳር

እህቴ፣ ባሕር ዳር ልጆች አሠለጥናለሁ። ከትልልቆቹ ጋር ይሰለፍ የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ከጭንቅላትሽ አውጪው።

በቦክስ ወጣት የሚባለው 17 እና 18 ዓመት ነው። የሚቆጠረው ደግሞ በልደት ቀን ሳይሆን በተወለደበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ። ዘንድሮ 2026 ስለሆነ በ2008 እና በ2009 የተወለዱ ወጣቶች ናቸው። በ2007 የተወለደ በዚያው ዓመት 19 ስለሚሞላው አዋቂ ነው። አዋቂ ማለት ደግሞ እስከ 40 ነው። ወንድምሽ ዕጣው ሲወጣ የ28 ዓመት ጎልማሳ ሊደርሰው ይችላል። አዋቂ ወንዶች ከ2013 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድር ያለ ራስ መከላከያ ነው የሚጋጠሙት። ወጣቶቹ ግን ያደርጋሉ። አንዲት የቁጥር ስህተት ልጁን ምን ላይ እንደምትጥለው አየሽ?

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ 7 ይደመራል። ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ነው። አዲስ ዓመታቸው ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። በ2000 ግን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ስለነበር ታኅሣሥ 22 ላይ ዋለ። ስለዚህ ታኅሣሥ 24 ማለት ጃንዋሪ 3፣ 2008 ነው። ሦስት ቀን ቀድሞ ቢወለድ ኖሮ በእርግጥም የ2007 ልጅ ይሆን ነበር። አልቀደመም። እውነቱ ከእናንተ ጋር ነው።

መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱን አውጥተሽ እዪ። የኢትዮጵያው ቀን ትክክል ከሆነ ስህተቱ የስሌት ብቻ ነው፣ ለማስረዳትም ይቀላል። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ያላችሁን ሁሉ ሰብስቡ። ዛሬ ነገ አትበሉ።

አባይ ማዶ

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ «አንድ ዓመት ተጨመረብን» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? ዕድሜ ማስቀነስ ስፖርታችንን ገድሎታል። በእግር ኳስ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ የሚታየው ለምን ይመስልሻል? ቦክስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሩጫ ላይ ዕድሜ የደበቀ ሜዳሊያ ይወስዳል። ሪንግ ውስጥ የደበቀ የሰው ልጅ ጭንቅላት ነው የሚመታው። አንቺን ሌባ አላልኩም፤ ግን ማስረጃ ሳይኖር «ይታረማል» እያልን ባንመክር።

የማርቆሷ ልብስ ሰፊ

ጋሼ ጣና ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ነገሩ ገባኝ።

አባይ ማዶ፣ አልተቀየምኩም። ያልከው እውነት ስለሆነ። የሰው ልጅ በወንድሜ እጅ እንዲጎዳ አልፈልግም። ልጁ 19 ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ እመልሰው ነበር። እናቴ ከሣጥኗ የክርስትና ካርዱን አወጣችልኝ። በአርባ ቀኑ፣ የካቲት መጀመሪያ 2000 ዓ.ም ነው የተነሣው። የቀበሌው የልደት ወረቀትም ታኅሣሥ 24 ይላል። ካርዱ ጠርዙ በአይጥ ተበልቷል፣ ቀኑና ማኅተሙ ግን ይነበባል።

አባይ ማዶ

ይኼ ካለሽ ቃሌን አንስቻለሁ እህቴ። ካርዱን ለማንም አሳልፈሽ እንዳትሰጪ። ኮፒውን ስጪ፣ ዋናውን አሳይተሽ ተመለሺ።

ሲስተር ከፍኖተ ሰላም

ስለ ጾሙና ስለ ሚዛኑ እኔ ልበልሽ፣ ነርስ ነኝ።

በዚህ ዓይነት ውድድር የሚመዘነው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ግጥሚያ ባለበት ቀን ሁሉ ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ላስቲክ ለብሶ እየሮጠ ላብ ማውጣት፣ ውኃ መከልከል፣ ምራቅ መትፋት፣ ይኼን ሁሉ እንዳያስበው። አንድ ቀን ቢሳካለት በሦስተኛው ቀን እግሩ ይከዳዋል። ውኃ ያነሰው ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ጉዳቱ ይከፋል። አንድ ኪሎ ተኩል በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር ነው። ማታ ማታ እንጀራውን ይቀንስ፣ ዘይቱን ያሳንስ፣ ለስላሳ መጠጥ ይተው።

የጾም ምግብ ራሱ አያዳክመውም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽሮ፣ ተልባ፣ በሶ አለልን። የሚያሰጋኝ ሌሊት 11 ሰዓት ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ መዋሉ ነው። አትጹም አልለውም፣ ሥራዬም አይደለም። ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፣ ልምምዱን ሳይደብቅ ይንገራቸው። እኛ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ሕመምተኞችንም ወደ አባቶች ስንልክ ሰዓቱን ያቀልሉላቸዋል። ሰዓቱን ማቅለል ካልሆነም አሰልጣኙ ሩጫውን ወደ ማታ ያዙርለት።

የቡሬው ግራኝ

እታለም፣ እኔ ዱሮ ቦክሰኛ ነበርኩ፤ አሁን ቡሬ ላይ የእህል ንግድ ነው የያዝኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ያቃጠለኝ ነገር ስለሆነ።

ፓስፖርቱን ለማሳረም ስትሄጂ ዓመቱን ብቻ አትመልከቺ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አስተያዪ፣ እስከ አያት ድረስ። እኔ 18 ዓመቴ ላይ ተመርጬ ነበር። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ መርቆኝ። በሁለት ወረቀት ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተለያየ። እስኪታረም ጓደኞቼ ሄዱ። በዓመቱ 19 ሆንኩ፣ በቃ። የወጣት ዕድል ሁለት ዓመት ብቻ ናት።

ለልጁ ደግሞ ይኼን ንገሪልኝ። ግጥሚያው ሦስት ዙር ነው፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ መሐሉ ላይ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። ዙሩን ያሸነፈ 10 ያገኛል፣ የተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 9። አምስት ዳኞች ናቸው ከሪንጉ ዳር ተቀምጠው የሚሰጡት። የእኛ ልጆች እንደ ሩጫ ቆጥበው መጨረሻ ላይ መፍጠን ይወዳሉ። የመጀመሪያውን ዙር የሰጠ ልጅ ግን የቀሩትን ሁለቱንም ማሸነፍ አለበት። ደወሉ ሲደወል ይጀምር። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል። ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ግን ቢሸነፍም ነሐስ አለው፣ ለሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ የለም። ማርቆስ ላይ የሮጠ ሳንባ ሦስተኛው ዙር ላይ ይታወቃል፣ አይፍራ።

የማርቆሷ ልብስ ሰፊ

የቡሬው ወንድሜ፣ መልእክትህን አንብቤ ሦስቱንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ልክ ነህ። የአያታችን ስም በልደት ወረቀቱ ላይ ሁለት «ኤል» አለው፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ። ብሠራበት ዓመት አላየውም ነበር። ያንተ ቁጭት ለእኛ ደረሰልን፣ ምን ብዬ ላመስግንህ።

ሲስተር፣ ነግሬዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ያነጋግራቸዋል። ላስቲኩን ግን ዛሬውኑ ወስጄ ሱቅ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ነገ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ እንሄዳለን። ሁለቱንም ስህተት አንድ ላይ አመለክታለሁ። እናቴ ከተጠየቀች መስክራለሁ ብላ አብራኝ ልትመጣ ነው። አሁን ቀሚሷን እየተኮስኩላት ነው። የሚሉንን ማታ ተመልሼ እጽፍላችኋለሁ።