የሞዛይኩ ግድግዳ፦ ለከተማው የምናስገባው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ፣ ሞዛይኩ (በስኒና ሰሃን ስባሪ የተሠራው ሥዕል) ያለበት ግድግዳ ላይ የማፍረሻ ቀይ ምልክት ተደርጓል። ደብዳቤያችን እስከ ዓርብ መግባት አለበት። ረቂቄ አንድ መስመር ነው፦ «ግድግዳው እንዳይነካ እንጠይቃለን።» አስተያየት ስጡበት።

ግንበኛው አባል፦ «አይነካ» ብቻ ካልን መልሱም አጭር ይሆናል። መንገዱ ለእኛም ያስፈልገናል፤ ክረምት ሲመጣ በዚያ ጭቃ የምንመላለሰው እኛው ነን። ትናንት ሄጄ አየሁት። ከግድግዳው ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። የእግረኛ መንገዱ በዚያ ቢዞር ግድግዳው ባለበት ይቆማል። ይህን በንድፍ አሳይተን እንጠይቅ።

እትዬ (የሰፈሩ ነባር ነዋሪ)፦ ልጆቼ፣ ሥዕሉ ላይ እንስራ የተሸከመችውን ሴት ታውቋት የለ? የነጠላዋ ጥለት ላይ ያለው ሰማያዊ የእኛ ቤት ስኒ ነው። ሲሠራ ሰፈሩ በሙሉ የተሰበረ ስኒና ሰሃን አዋጥቷል። እናቴ ስባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትወስድ አብሬያት ነበርኩ። የስኒው ጆሮ እስከ ዛሬ አለ፤ በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። ደብዳቤው ላይ ይህም ይጻፍልኝ።

ወጣት አባል፦ እትዬ፣ ይጻፋል። ግን ነቅለነው ሙዚየም ብናስገባውስ? ቢያንስ ከዶዘር ይተርፋል።

ግንበኛው አባል፦ ወንድሜ፣ መንቀል እንደምታስበው አይደለም። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል። ከዚያ በክፍል በክፍል ተቆርጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከጀርባው ይላቀቃል። የለመደ እጅ ካልሠራው ግማሹ ይረግፋል። አሁንም ቢሆን ከታች በግራ በኩል ለቋል። በጣት አንጓ መታ መታ ስታደርገው ድምፁ ባዶ ነው። መጀመሪያ እሱ በቀጭን ኖራ ይሞላ። አደራ፣ ማንም በደግነት ሲሚንቶ እንዳይለስንበት!

መምህር (ጡረተኛ)፦ የሲሚንቶው ነገር ትክክል ነው። ጎንደር ደግሞ ይህን በራሷ አይታዋለች። የፋሲል ግቢ ግንቦች በድንጋይና በኖራ ነው የቆሙት። በጣልያን ጊዜ ሲጠገኑ ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባባቸው፤ ኋላ ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆነ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ጠያቂ አለው። የእኛ ግድግዳ ግን የትም አልተመዘገበም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦታው አይነሳም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምዝገባ ይሁን።

ምዝገባ እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር፣ ሃል በምትባል የወደብ ከተማ፣ አንድ ትልቅ የሱቅ ሕንፃ ላይ የሦስት መርከቦች ሞዛይክ ተሠርቶ ነበር። አላን ቦይሰን የተባለ አርቲስት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የብርጭቆ ቁራጭ አለው። አካባቢው እንደገና ሊለማ ሲታሰብ ነዋሪው አላስነካም ብሎ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በቅርስነት ተመዘገበ። እነዚያ ሰዎች ልማቱን አልጠሉም። ሥዕሉን ስለሚወዱት ነው የደከሙለት።

ወጣት አባል፦ እሺ መምህር፣ የመንቀሉን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ፎቶውን እኔ አነሳለሁ። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው የጎበጠው ሁሉ ይታያል። ሙሉውን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ በልኩ ገልብጠን ብናስቀምጠውም ጥሩ ነው። አንድ ቁራጭ ቢወድቅ ቦታው ይታወቃል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦

«የመንገዱን መስፋት እንደግፋለን። ሞዛይኩ ያለበት ግድግዳ ባለበት እንዲቆይና የእግረኛ መንገዱ በጀርባው እንዲዞር እንጠይቃለን፤ ንድፉ ተያይዟል። ማሽን ከመግባቱ በፊት የቅርስ ባለሙያ አይቶት ይመዝገብልን። በሥራው ጊዜ ፊቱ በጣውላ ይከለል። ማንሳት የግድ ከሆነ፣ በባለሙያ እጅና እኛ ባለንበት ይሁን። ሥዕሉ የነዋሪው ስኒና ሰሃን ያለበት ነው።»

እትዬ፦ «የእናቶቻችን ስኒ» በለው እንጂ ልጄ።

ጸሐፊ፦ እሺ እትዬ፣ አስተካክዬዋለሁ። ለፊርማ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግድግዳው ጋ እንገናኝ። መሰላል ያለው ይዞ ይምጣ፤ ላስቲኩን እኔ እገዛለሁ።