ከዕፅዋት ብቻ እየበላሁ ብረቴን እንዴት ከፍ ላድርግ?
ሰላም ለሁላችሁ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን ስለምወስድ እሱ አያሳስበኝም፤ የጨነቀኝ ብረት ነው። በደም ምርመራ ፌሪቲኔ (ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፕሮቲን) ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምስር ይስማማኛል፣ ባቄላ ግን ዘፍዝፌ፣ ውሃውን ደፍቼ ብቀቅለውም ሆዴን ይነፋኛል። ቫይታሚን ሲ ሰውነት የዕፅዋትን ብረት እንዲቀበል እንደሚያግዝ፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ እንደሚቀንሰው አውቃለሁ። ግን የምሠራው በሌሊት ፈረቃ ነው፤ ያለ ቡና አልነቃም፣ የምበላውም በዚያው ሰዓት ነው። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የምግብ ዝርዝር የሚሰጡ ይህን አያዩልኝም።

እንደኔ ሌሊት የምትሠሩ፣ ቡናውን ከምግብ ምን ያህል አራቃችሁት? ከባቄላ ይልቅስ ምን ተስማማችሁ? የብረት ኪኒን ሐኪሜን ሳላማክር አልጀምርም፤ እስከ ቀጠሮዬ ድረስ ግን ሳህኔ ላይ ምን ልቀይር?